የደመወዝ ውሳኔ እና የወረዳ በጀት፦ ሐይቅና አምባሰል

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የመብቱን ተጠቃሚዎች መለየቱን ግን ለሌላ ሕግ ይተወዋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ አድርጓቸዋል። በመሆኑም የሐይቅ መምህር የመምህራን ማኅበር አባል ቢሆንም፣ ማኅበሩ ስለ ደመወዙ የኅብረት ስምምነት አይፈራረምለትም። በ1881 በተፈረመው ውል ስሟ በታወቀው በአምባሰሏ ውጫሌም ሁኔታው ያው ነው።

ድርድር በሌለበት ጭማሪው ከላይ ይመጣል። የመስከረም 2018 ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የጀማሪ ባለዲግሪውን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አሳድጎታል። ጭማሪው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ወሳኙ የፌዴራል መንግሥት ሲሆን በየወሩ የሚከፍለው ወረዳው ነው። ሐይቅ መቀመጫው የሆነው ተሁለደሬም ሆነ አምባሰል በዋናነት የሚተዳደሩት ከፌዴራል ድጎማ ተነሥቶ በክልሉ ቀመር በሚከፋፈል ጥቅል በጀት ነው፤ የዚህ በጀት ትልቁ ድርሻ ደግሞ ደመወዝ ነው። ድጎማው ከእርከኑ ጋር እኩል ካላደገ ልዩነቱ የሚሸፈነው ከሥራ ማስኬጃ፣ ማለትም ከጠመኔው፣ ከውሎ አበሉና ከጤና ጣቢያው ግብዓት ይሆናል። ሠራተኛው ጭማሪውን የሚቀበለው የሚሠራበት ዕቃ እየጎደለበት ነው፤ ይህንንም ገና በጀቱ ሳይጸድቅ ተቀምጦ የሚያስረዳበት ሕጋዊ የድርድር ጠረጴዛ የለውም። የቀረው አቤቱታ ነው፤ እርሱም ከሐይቅ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ የደመወዝ ስኬሉ ግን የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው።