ከኮፈኑ ሥር
በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለች ላዳ ኮፈኗ ሲከፈት፣ ባለቤቱ የሚያየው ሞተሩን ነው፤ ሽቦዎቹን ጠቅልሎ የያዘውን ናስትሮ ልብ የሚለው ባለሙያው ብቻ ነው። በየሱቁ የሚገኘው የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ናስትሮ ለቤት መብራት ሥራ መልካም ነው። በሞተር ሙቀት ግን ማጣበቂያው ይላላና እየተዝለገለገ ይወጣል፤ ጫፉ ይላቀቃል፤ አቧራና ዘይት ይለብሳል። የተገለጠው ሽቦ በብረት ጠርዝ ላይ ሲፋተግ ውሎ ልባሱ ያለቀ ዕለት እሳት ይነሣል፤ ከመኪናይቱም ጋር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይነዳል።

ለዚህ ስፍራ የሚገባው ከፖሊስተር ክር የተሸመነው የጨርቅ ናስትሮ ነው፤ ደኅናው እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይችላል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ «ርካሹ ይበቃል» የሚል ባለመኪናም አይጠፋም፤ ኮፈኑ ከተዘጋ ማን ያያል! ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ግን ጠላቱ ሙቀት ሳይሆን ንዝረት ነውና፣ በኮረኮንች መንገድ የሽቦውን መንቋቋት የሚያፍነው ለስላሳው፣ ሱፍ መሰሉ ናስትሮ ይመረጣል።

አስተዋይ ሠራተኛ በሞተሩ አጠገብ እያንዳንዱን ዙር በፊተኛው ላይ እስከ እኩሌታው እያነባበረ ይጠቀልላል። በውስጥ በኩል፣ ጥቅሉ እንደ ልብ እንዲተጣጠፍ፣ ክፍተት እየተወ ያልፋል፤ የመጨረሻውን ዙር ሳይስብ፣ እንዲያው አሳርፎ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል።