መጋቢት 6 በአዳሚ ቱሉ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017

ከአዳማ ተነስቼ በሞጆና በመቂ አድርጌ አዳሚ ቱሉ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ረመዳን ተጋምሷል፣ ዐቢይ ጾምም ገብቷል፤ ምግብ ቤቶቹ ጭር ብለዋል። አስፋልቱ ዳር ግን አንዲት እናት ከሰል አያይዘው ሳንቡሳ ይጠብሳሉ። ውስጡ ምስር ብቻ ነው። «ምስር ከሆነ ለማፍጠሪያም ለእኛም ጾም ይሆናል» አሉኝ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። መጥበሻቸው ሥጋ ነክቶት እንደማያውቅ ሙስሊም ደንበኞቻቸው ያውቃሉ።

ዕለቱን የመረጥኩት አስቤበት ነው። በ2011 በዚሁ ቀን ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ በሁለት መስጊዶች ላይ በተከፈተ ጥቃት 51 ሰዎች ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2014 ዕለቱን በሙስሊሞች ላይ የሚነዛውን ጥላቻ መታገያ ቀን አደረገው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሲነሳ «የነጃሺ አገር ነን፣ ተቻችለን ኖረናል» ይባላል። እውነት ነው። የተበደለን ሰው አፍ መዝጊያ ሲሆን ግን ያንገበግበኛል። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል፣ የሙስሊም ሱቆች ተዘርፈዋል። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ቀብር የወጡ ሰዎች ተገድለዋል።

ሳንቡሳ ሊገዙ የመጡ አንድ ሐጂ አጠገቤ አረፍ አሉ። በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ።

«የኢድ ሶላት ሰግደን እየሮጥን ሥራ እንገባ ነበር፤ የቀረ ይቆረጥበታል።»

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ኢድ፣ አረፋና መውሊድ ሕዝባዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ ነው።

«ጎረቤቶቼ ያኔም ደግ ነበሩ ልጄ» አሉ ሐጂ። «በዓሉን ያመጣልን ግን ሰልፉ ነው።»

ይህን ያህል አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም። ደግነት አብሮ ያስፈጥራል፤ የተዘጋ የትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ግን በሕግ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ አክሱም ውስጥ ሙስሊም ልጃገረዶች በሂጃባቸው የተነሳ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ፍርድ ቤቱም እገዳውን ለጊዜው አንስቷል። የሐጂ የልጅ ልጅ ባቱ ከተማ 12ኛ ክፍል ነች፤ የምትማረው በሂጃቧ ነው። ያኔ ማታ ማታ ዜናውን ከስልኳ ታነብላቸው ነበር።

«አክሱምን አይታው አታውቅም፤ ግን አብረዋት የሚፈተኑ ልጆች ናቸው» አሉኝ፣ ሳንቡሳውን በፌስታል እያስቋጠሩ።