በፉርጎው ውስጥ የጎደለው ሰው

በአሜሪካ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ሐዲድ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የጥንቱን የመንገደኛ ባቡር 87 ጊዜ አሳንሶ የሚሠራውን ሰው እንደ ሕፃን ተጫዋች ቆጥሮ የሚያልፍ ተመልካች ይሳሳታል። ሥራው የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1970 ከቺካጎ ተነሥቶ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይመላለስ የነበረውን «ካሊፎርኒያ ዜፊር» እንውሰድ። አካሉ ከማይዝግ ብረት የተበጀ፣ መንገደኛው ተራራውን ቀና ብሎ እንዲያይ በአንዳንዶቹ ፉርጎዎች ጣሪያ ላይ የመስታወት ጉልላት የተደፋበት ባቡር ነበር። ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መንገዱ በዚሁ ልክ ቢቀነስ እንኳ 46 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የትኛው ምድር ቤት ይበቃዋል? ስለዚህ ሠሪው አንድ ጣቢያ፣ አንድ ዋሻ፣ አንድ ድልድይ መርጦ ሌላውን ይተዋል። ፉርጎውም በትክክለኛ ልኩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም በጠባብ ኩርባ ላይ ጎኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲብስም ከሐዲዱ ይስታል። አንዳንዱ ኩርባውን ያሰፋል፤ አንዳንዱ ከፉርጎው ላይ መስኮት ቀንሶ ያሳጥረዋል። ተውኔት ጸሐፊም ቢሆን የሰውን ዕድሜ በሁለት ሰዓት መድረክ ላይ ሲያወጣ ከዚህ የተለየ አያደርግም።

ታስቦበት የሚቀነሰው አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሚረሳው ነው። የመመገቢያ ፉርጎውን የጠረጴዛ መብራት ሳይቀር በወረንጦ ተክሎ የሚያበራ ሠሪ፣ የመኝታ ፉርጎውን አስተናጋጅ ሳያስገባ ጣሪያውን የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ያ ነጭ ኮት ለባሽ ጥቁር ሠራተኛ አልጋ አንጣፊው፣ ጫማ ጠራጊው፣ ሌሊቱን ሙሉ ደወል ሲጠራው የሚነሣው እርሱ ነበር። በገዛ ስሙ እንኳ አይጠራም፤ ብዙው መንገደኛ በኩባንያው መሥራች በጆርጅ ፑልማን ስም «ጆርጅ» ይለው ነበር። በወር 400 ሰዓት ወይም 11 ሺህ ማይል ማገልገል ግዴታው ሲሆን፣ ኑሮው በመንገደኛው ጉርሻ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የተቋቋመው የአስተናጋጆቹ ማኅበር 12 ዓመት ታግሎ በ1937 ከኩባንያው ጋር የኅብረት ስምምነት ሲፈራረም የወሩ ሥራ ወደ 240 ሰዓት ወረደ። በዜፊር የመኝታ ፉርጎዎች ያገለገሉት የዚያን ትግል ፍሬ ይዘው የተሳፈሩ ናቸው።

በ87 እጅ ያነሰ ሰው ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ለኮቱ አንድ ጠብታ ነጭ ቀለም፣ ለፊቱ አንድ ጠብታ ቡናማ ይበቃል። ጣሪያው ከመገጠሙ በፊት በፉርጎው ደጃፍ ላይ በሙጫ ሊቆም ይችላል።