ሦስት ቀን በወንዝ ላይ፦ ከመቅዘፍ በፊት ያለው ሥራ

ካያክ የሚባለውን ጀልባ በሥዕል ካልሆነ በቀር ያላያችሁት ትኖራላችሁ። ጠባብና ረጅም፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ተቀማጩ በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየቀዘፈ የሚነዳው ትንሽ ጀልባ ነው። የጣናን የደንገል ታንኳ ለሚያውቅ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። በዚህ ጀልባ ድንኳንና ስንቅ ጭኖ፣ ቀን እየቀዘፉ ማታ ዳር ላይ እያደሩ ወንዝ መውረድ በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ የእረፍት ጊዜውን የሚያሳልፍበት መዝናኛ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ እኅት፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁና፣ አንድ ቀን ጥያቄው ወደ እናንተም ሊመጣ ስለሚችል ስለ ዝግጅቱ ላጫውታችሁ።

እኅቴ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿ ዋና ይችላሉ። እርሷ ግን እንደ ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ውስጥ ያደገች ስለሆነች ከጉልበቷ በላይ ውኃ ገብታ አታውቅም ነበር። ልጆቹ በፖቶማክ ወንዝ ላይ የሦስት ቀን ጉዞ እንሂድ ብለው ሲለምኗት ወይ መከልከል፣ ወይ ከሰው ጋር ልካ በር በሩን ስታይ መዋል ነበረባት። ሁለቱንም ትታ አብራ ልትሄድ ቆረጠች። እኔም ያን ሰሞን እርሷ ዘንድ ስለነበርኩ የዝግጅቱ ተካፋይ ሆንኩ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን፤ ልጅን ለማስፈራራትም እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን ማስፈራራት ብቻውን ልጅን ከውኃ የሚያድን አይመስለኝም። ከዋሽንግተን ጥቂት ራቅ ብሎ ግሬት ፎልስ የሚባል ፏፏቴ አለ። በዚያ ቦታ ፖቶማክ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ 23 ሜትር ያህል ይወርዳል። የእኛም ሰዎች እሑድ እሑድ ምግባቸውን ይዘው የሚዝናኑበት ቦታ ነው። በዚያ አካባቢ መዋኘት የተከለከለ ነው፤ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ግን አንዳንዱ ሥፍራ የረጋ ኩሬ ይመስላል። ከታች ምን ዓይነት ጉልበት እንዳለ ልጁ የሚያውቀው ያስተማረው ሰው ካለ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የወንዙን ክፍል መምረጥ ነው። ወንዝ ሁሉ ለጀማሪ አይሆንም። የእኛ ዓባይ ገደሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ለሠለጠኑ ሰዎችም ከባድ ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ባደረጉት ትልቅ ጉዞ ከአባላቱ አንዱ በውኃ ተወስዶ ሞቷል። ፖቶማክም ቢሆን ከታች በኩል ፏፏቴ፣ መሐል ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ግድቦች አሉት። ዝቅተኛ ግድብ ከላይ በጀልባ ለሚመጣ ሰው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ መስሎ ይታያል። ከሥሩ ግን ውኃው ወደ ኋላ እየተገለበጠ የወደቀውን ሰው መልሶ መላልሶ ያሰጥመዋል። እኛ የመረጥነው ከፖ ፖ ከተማ እስከ ሊትል ኦርሊንስ ያለውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዙ እዚያ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በተራራ መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ፏፏቴም ግድብም የለበትም። ለሦስት ቀን ሲካፈል በቀን 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ልጆቹ ይህ በጣም ትንሽ ነው ብለው ተከራከሩ። ነገር ግን የጀማሪ ክንድ ከቀትር በኋላ ይዝላል፤ የዛለ ሰው ደግሞ ጀልባውን ወደሚፈልግበት አቅጣጫ መምራት ያቅተዋል።

በዚህ ወንዝ ዳር ከ1828 እስከ 1850 እ.ኤ.አ. የተቆፈረ የጀልባ ቦይ አለ። እስከ 1924 ድረስ በቅሎዎች በዳሩ እየሄዱ የጭነት ጀልባ ይጎትቱበት ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በበቅሎዎቹ መንገድ ዳር በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የማደሪያ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ መጸዳጃና የውኃ ቧንቧ አለው። ቧንቧው በብርዱ ወራት ይዘጋል፤ አንዳንዴም ይበላሻል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ ይዘን ነበር። ከፖ ፖ ብዙ ሳትርቁ፣ ሠራተኞች ከ1836 እስከ 1850 ድረስ ተራራ ፈልፍለው የሠሩት 950 ሜትር ገደማ የሆነ ዋሻ አለ። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ በእግር እለፉበት።

እኅቴ ክረምቱን በሙሉ (የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው) ከሥራ መልስ በሕዝብ መዋኛ ገንዳ ዋና ተማረች። ከዚያም ሁላችንም በረጋ ውኃ ላይ አሠልጣኝ ባለበት ሆን ብለን ጀልባ እየገለበጥን መውጣት ተለማመድን። ይህን ያላደረገ ሰው ሌሊት ወደሚያሳድር ጉዞ ባይሄድ እመክራለሁ። እዚያ የተማርነው ይህ ነው። ፈጣን ውኃ ውስጥ ከወደቃችሁ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መካከል ተይዞ ይቀራልና። በጀርባ ተንጋልላችሁ እግራችሁን ወደ ፊት አድርጉ። ወንዝ ውስጥ ከወደቀ ዛፍ ራቁ፤ ውኃው በቅርንጫፎቹ መሐል ያልፋል፣ ሰውን ግን ይዞ ያስቀረዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ደግሞ ጀልባ ላይ እስካላችሁ ድረስ አይወልቅም። የሜሪላንድ ሕግ በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን ያስገድዳል፤ የእኅቴ ሕግ ግን ዕድሜ አይለይም ነበር። ጃኬቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ እስከ ጆሮ ከወጣ ሰፊ ነው።

ጉዞው በሰኔ እንዲሆን ተቆረጠ። በሚያዝያ ፀሐዩ ቢሞቅም ውኃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ ይደነዝዛል። ፖ ፖ ላይ የመንግሥት የውኃ መለኪያ አለ፤ ቁመቱ በየጊዜው ይፋ ይደረጋል። እኅቴ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ በማስታወሻ ደብተሯ ስትመዘግበው ሰነበተች። በዋዜማው በላይኛው ተራራ ዶፍ ዘነበና ቁጥሩ ማሻቀብ ጀመረ። ጀልባ ተከራይተናል፣ ፈቃድ ወስዳለች፣ ስንቁ ታስሯል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እርሷ ግን “ቀርቷል” አለች። ትልቁ ልጅ ሁለት ቀን አላናገራትም። የጀልባው ኪራይም ግማሹ አልተመለሰም። ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ቀን ለእኔ ያ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ለገንዘቡና ለልጆቹ እንባ ሲል ይሄድ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ውኃው ወርዶ ጠርቶ ሳለ ሄድን።

ስንቅን በተመለከተ የእኛን አገር መንገደኛ የሚያህል አዋቂ የለም። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ ጭኮ አይበላሽም፣ ድርቆሽ ቀላል ነው፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እየቀዘፉ ይበላል። ጀበና ግን እቤት ይቅር፤ ሸክላ ነውና። ከባዱን ዕቃ ከጀልባው ወለል መሐል ላይ ጫኑ፤ ልብስና የመኝታ ከረጢት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይታሰር። ፊሽካ በየአንገቱ ይንጠልጠል፤ በተራሮቹ መካከል ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም። በዚህም ምክንያት የት እንደምታድሩና በስንት ሰዓት እንደምትወጡ የተጻፈ ወረቀት ቤት ለሚቀር ሰው ስጡ፤ ሰዓቱ ካለፈ ማን ዘንድ እንደሚደውልም ይጻፍበት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ማብሰሉም፣ ማጠቡም፣ ልጅ መጠበቁም በእናት ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ጉዞው ለእርሷ እረፍት ሳይሆን ወጥ ቤት መቀየር ነው። እኅቴ የሥራ ድልድሉን ጽፋ መኪናው ውስጥ አስነበበችን። ባሏ ቁርስና እራት፣ ልጆቹ ዕቃ ማጠብና ውኃ መቅዳት፣ እኔ ድንኳን። እርሷ ማታ ማታ ወንዙ ዳር ተቀምጣ ነበር።

ማደሪያችሁን ከውኃው ከፍ ባለ ቦታ አድርጉ፤ ጀልባውንም ስባችሁ ዛፍ ላይ እሠሩት። ራቅ ያለ ቦታ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ሊደርስባችሁ ይችላል። እኛ ከመተኛታችን በፊት ውኃው ጫፍ ላይ ዱላ እንተክል ነበር፤ ሌሊት የነቃ ሰው በባትሪ ያየዋል። ነጎድጓድ ከተሰማ ከውኃው ውጡ፤ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አትመለሱ። በዚያ አካባቢ ያለው መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ ማታ ማታ የልጆቹን የጆሮ ጀርባ፣ ፀጉርና የጉልበት እጥፋት እዩ። ካገኛችሁ ከቆዳው ተጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። ለዚህ ወረንጦ ያስፈልጋል፤ ከስንቁ ጋር ይታሰር።