ማጥበቁ መሬት ላይ ነው

በሳሪስ አቦ የሚኖርን ሰው ጧት የሚቀሰቅሱት ድምፆች ሁለት ናቸው። አንዱ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሆን ሁለተኛው የጋራዥ መዶሻ ነው። ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ የሚወርደው አውራ ጎዳና ቀንና ሌሊት ጭነት ስለሚያመላልስ መካኒኩም፣ በያጁም፣ ጎሚስታውም፣ መለዋወጫ ሻጩም ከሰፈሩ አይጠፉም። በዚሁ ሰፈር ተከራይተን የምንኖር አራት እጩ መምህራን ለዛሬው ጽሑፋችን ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። በግቢያችን ውስጥ የምታድረው አሮጌ ፒክአፕ በቂያችን ነበረች።

ፒክአፗ የአከራያችን የጋሼ ናት። ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ስትሆን ዕድሜዋ ከእያንዳንዳችን ይበልጣል። ጋሼ ሽንኩርትና ድንች፣ አንዳንዴም ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ እየጫኑባት ሦስት ልጆች ያስተምራሉ። እሷ አንድ ሳምንት ከቆመች የቤቱ መሶብም አብሮ ይቆማል ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ፒክአፗ አመል አወጣች። ጉድጓድ ስትገባ ከፊት በኩል «ቋ!» ትላለች፤ በቀጥታ መንገድ ላይ መሪዋ ይዋልላል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትስባለች። የፊት ጎማዎቿም ከውስጥ በኩል ብቻ ተላጡ። ጋሼ ጎማ ቀየሩ፤ አዲሱም ተላጠ። ኮንቨርጀንሳ አሠሩ፤ ወር ሳይሞላው ተበላሸ። ገንዘቡስ ገንዘብ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ሌላ ነበር። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው አስፋልት የሚሻገሩበት ሰዓት አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን የምትሄድ መኪና በዚያ ሰዓት ምን ልታደርስ እንደምትችል መገመት አያስቸግርም። እትዬም «እስክትሠራ ድረስ ልጆቹን አታሳፍርብኝ» ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

«ለምን ሸጠው ሌላ አይገዙም?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንደ ጋሼ ላለ ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ ያለችውን ጠግኖ መያዝ።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ፒክአፗን በክሪክ አንስተው የብረት ዘንግ በአርሙና በሻንሲው መካከል አስገቡና ነቅነቅ አደረጉት። አርሙ መሄድ በማይገባው አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ አለ። «ጎማው ምን አደረጋችሁ? ቡሹ ነው ያለቀው» አሉ።

ቡሽ ምንድን ነው? አርሙ ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ የሚገባ፣ የቡጢ ያህል እንኳ የማይሞላ ዕቃ ነው። አንዱ የብረት ቱቦ በሌላው ውስጥ ሆኖ በመካከላቸው ጎማ ተጣብቋል። ውስጠኛው ቱቦ በብሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ውጫዊው ከአርሙ ጋር ይሄዳል። ጎማው በመካከል ሆኖ እየተጠመዘዘና እየተመለሰ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ያደርጋል። ሙቀት፣ ዘይትና ዕድሜ ሲፈራረቁበት ግን ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ አርሙ ቦታውን ይስታል፤ ከአርሙ ጋር የተያያዘው እግርም ይጣመማል። የጎማው መላጥ፣ የመሪው መዋለልና የፍሬኑ መሳብ ሁሉ ከዚያች ትንሽ ዕቃ የመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ የጋሼ ወዳጅ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የተሠራውን ርካሽ ቡሽ ግዛ፣ እሱንም በግራ በኩል ብቻ ለውጥ ብሎ መከራቸው። መካኒኩ ግን እንቢ አሉ። «ከጎማ የተቆረጠው ከብረቱ ጋር አልተጣበቀም። ይፋተጋል እንጂ አይጠመዘዝም። አንዱን ጎን ብቻ ብንለውጥ ደግሞ መሳቧን አትተውም» ብለው አስረዱ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። በኪሳቸው የነበረው ለልጆቹ የመስከረም መመዝገቢያ ያጠራቀሙት ነበር። ማታውን እኛ ተመካክረን የሁለት ወር ኪራያችንን ቀድመን ሰጠናቸው፤ ቅዳሜም ለጉልበት እንደምንመጣ ለመካኒኩ ነገርናቸው። ሁለቱም ጎን እንዲለወጥ የተወሰነው በዚህ ሁኔታ ነው።

ቅዳሜ ሥራው ተጀመረ። የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ተያዙ፤ ሻንሲው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀመጠ። ክሪክ ሊከዳ ስለሚችል ከሥሩ እንዳንገባ ተነገረን። በዚህች ፒክአፕ ላይ የሞላን ሥራ የሚሠራው ቶርሽን ባር የሚባል ረጅም ብረት ነው፤ ተጠምዝዞ የመኪናዋን ክብደት ይሸከማል። የታመቀ ኃይል ስላለበት ሳይለቀቅ አርም አይፈታም። መካኒኩ ማስተካከያው ብሎን ምን ያህል እንደወጣ ለክተው «ጻፉ» አሉን፤ በደብተራችን መዘገብን። የመኪናዋ ቁመት ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚያ ቁጥር ነው። ከዚያ ቦል ጆይንቱ ተላቀቀ፤ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይሳብ በሽቦ ታሰረ፤ አርሞቹ ወጡ። አሮጌዎቹ ቡሾች በፕሬስ ተገፍተው ሲወጡ ጎማቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ቀዳዳዎቹ በብርጭቆ ወረቀት ጸዱ። ከእኛ አንዱ «ግሪስ ብንቀባው ቶሎ አይገባም?» ሲል ጠየቀ። «ዘይት ጎማ ያሳብጣል፤ የሳሙና ውሃ ይበቃል» የሚል መልስ አገኘ።

አዲሶቹ ቡሾች ገብተው፣ አርሞቹ ተመልሰው፣ ብሎኖቹ በእጅ ሲያዙ እኛ ሥራው ያለቀ መስሎን መፍቻ አነሣን። መካኒኩ «ቆይ፣ ገና ነው፤ መሬት ትርገጥ» አሉ። ለምን? ያስረዳን ረዳታቸው ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። «ቲቸር፣ እጅህን አምጣ» አለና የአንዱን ጓደኛችንን መዳፍ ወደ ታች አዙሮ የክንዱን ቆዳ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። «አሁን መዳፍህን ወደ ላይ ገልብጥ» አለው። ቆዳው ተጎተተ፤ ጓደኛችን «ኧረ ልቀቀኝ!» አለ። ልጁ ለቀቀውና መዳፉ መካከል ላይ እንዳለ እንደገና ያዘው። አሁን ጥቂት ወዲህና ወዲያ ቢዞርም አላመመውም። «ቡሹም እንደዚህ ነው። አርሙ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅነው፣ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ገና ሳትሄድ ቆማ ተጠምዝዟል። ቶሎ ይቀደዳል። በምትቆምበት ቁመት ካጠበቅነው ግን ጭነትም ጉድጓድም ይችላል» አለ።

ስለዚህ ጎማዎቹ ታሰሩ፤ የቶርሽን ባሩ ብሎን በጻፍነው ልክ ተመለሰ፤ ፒክአፗ ወረደች። ከፊት በኩል ደጋግመን ተጭነን ለቀቅናት፤ ቁመቷን ያዘች። መካኒኩ ከሥር ተጋድመው ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለካስ ለጋራዥም ይሠራል። ሰኞ ኮንቨርጀንሳ ተሠራ። ጋሼ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይዘው ሞከሩ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ልጆቹን በጋቢናው ያሳፍራሉ፤ ጎማዎቹም እስከዛሬ እኩል ናቸው።

ቤተሰቦቻችሁ አሮጌ መኪና ካላቸው ጎማ ከመግዛታቸው በፊት ቡሹን ያስፈትሹ እንላለን። ለእኛ ለእጩ መምህራን ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ የቀረ ሌላ ነገር አለ። ያ ልጅ ጠመኔም ሰሌዳም አልነበረውም፤ ማስረጃው የጓደኛችን ክንድ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልረሳነውም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድን ሕግ ከመጽሐፍ አንጠልጥለን በተማሪው ላይ ከማጥበቃችን በፊት፣ ተማሪው የቆመበትን መሬት እንፈልግ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣውን ልጅ ወደ ማታ ትምህርት ለመመለስም ተነጋግረናል፤ ሒሳብና ፊዚክስ የምናስጠናው እኛ ነን። እሱም ተስማምቷል፤ ክፍያው መካኒክነት ማስተማር ነው ብሏል።

አራቱ ተከራዮች፣ ከሳሪስ አቦ