ተሸናፊ ይከፍላል

ጎልማሳ ሰው ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ሲጽፍ ማየት የሚያስቃቸው ወዳጆች አሉኝ። ይሳቁ። እኔ የልጅነቴን ግማሽ ያሳለፍኩት ሆሳዕና ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከትምህርት ቤት ያላገኘሁትን አንዳንድ ነገር ከዚያች ክፍል ተምሬአለሁ፤ ብዙ ስሕተትም እንዲሁ።

ክፍሏ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽንና በበሩ ላይ የተጋረደ ያረጀ ጨርቅ ነበራት። ሕጓ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ጎበዝ ልጅ ባዶ ኪሱን ገብቶ እስኪመሽ ይጫወታል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ አንድ ብሩን ከፍሎ ወደ አግዳሚው ይመለሳል። መብራት በጨዋታው መካከል የጠፋ እንደሆነ ማን እንደሚከፍል የሚነሣው ክርክር ከጨዋታው ይረዝም ነበር። ከዚህ የተነሣ ዛሬም አንድን ጨዋታ የምመዝነው በሥዕሉ ጥራት አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የተሸነፈውን ሰው ምን ያደርገዋል?

ከፕሌይስቴሽኑ በፊት የደረሰን በካሴት የሚሠራው ርካሽ ማጫወቻ ነበር። በካሴቱ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጨዋታ አለው ተብሎ ይጻፋል፤ ሲከፈት ግን ያው ጥቂቶቹ ስማቸው እየተለዋወጠ ይመላለሳሉ። ከእነዚያ መካከል ሱፐር ማሪዮ ነበረ፤ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው። እውነቱን ለመናገር ከእርሱ የተሻለ ጨዋታ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሲጀመር ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፤ ሦስቱን ከጨረስክ አለቀ። ያለፍከው መንገድ ከኋላህ ይዘጋል፤ የረሳኸውን ሳንቲም ልልቀም ብለህ ብትመለስ ግድግዳ ይመስል የማያሳልፍ ባዶ ነገር ይገጥምሃል። ስንት ተሠቃይተህ ግንቡ ውስጥ ስትገባ ደግሞ የምትፈልጋት ልዕልት ሌላ ግንብ ውስጥ ናት ይሉሃል። ያኔ ይህ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ተከን 3 ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ኤዲ ጎርዶ የሚባል ካፖኤራ ተጫዋች አለበት፤ በእግሩ እየተሽከረከረ የሚማታ ብራዚላዊ ነው። ጨዋታውን ከማያውቅ ልጅ እጅ እንኳ ቢገባ፣ አዝራሮቹን እንዳገኙ መነካካት በቂ ነው፤ ያሸንፋል። እኔ ስንት ወር የተለማመድኩትን ኤዲ በአንድ ደቂቃ አፈር ያስገባብኝ ነበር። ይህን ያስታወስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዱራሜ መጥቶ አክስቱ ዘንድ እየኖረ የሚማር አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ፤ ኤዲን ካልሆነ ሌላ አይመርጥም። «ዕውቀት ለምን ያስፈልጋል፣ ዕድል ካለ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በእግር ኳሱ ግን እኩል ነበርን። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 የተጫወተ ሁሉ የኢንተር ሚላኑን አድሪያኖን ያስታውሳል። በግራ እግሩ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ ከመታት ግብ ጠባቂው የሚያያት ከመረብ ሲያወጣት ነው። ኩባንያው የብዙ ክለቦችን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ» ይለዋል፤ እኛ ግን አንታለልም፣ በመልካቸው እናውቃቸዋለን። ሀዲያ ሆሳዕና የሚባል ክለብ እዚያ ውስጥ እንደማይኖር ግልጽ ነው። አብሮ አደጌ ስምና መለያ መቀየሪያውን ከፍቶ የአንዱን ቡድን ስም «ሆሳዕና» አለው፤ አጥቂውን በራሱ ስም፣ በረኛውን በእኔ ስም ጠራ። ለምን በረኛ እንዳደረገኝ ስጠይቀው «ቤት ጠባቂ አንተ ነህ» አለኝ። በሳምንቱ ሌላ ልጅ የራሱን ጨዋታ ሊያስቀምጥ ሲል ቡድናችንን ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ሰረዘው። ለዚህ ጨዋታ ያለኝ አክብሮት ያልጠፋው በሌላ ምክንያት ነው፤ የተሸነፈው ልጅ ጎንህ ተቀምጧል፣ ትንፋሹን ትሰማለህ፣ ብሩን ከኪሱ ሲያወጣ እጁን ታያለህ።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። ሮክስታር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ቫይስ ሲቲ በአንድ ወቅት ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ጨዋታ ነው። ከተማው ሰፊ ነው፣ መኪናው ሁሉ የአንተ ነው፣ ብትሞት ሆስፒታል በር ላይ ትነቃለህ፤ መሣሪያህና ጥቂት ገንዘብ ይጎድልብሃል እንጂ ሌላ ምንም አይደርስብህም። ሱቅ ገብተህ በባለሱቁ ላይ ሽጉጥ ከደገንክ ገንዘብ ይሰጥሃል። ሽጉጡን ሳታወርድ በቆየህ መጠን ገንዘቡ ይጨምራል። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ማን ብዙ ያገኛል እያልን እንወራረድ ነበር። የባለሱቁን ፊት ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

አብሮ አደጌ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከሀዲያና ከከምባታ ለተነሣ ወጣት ይህ አዲስ ጉዞ አልነበረም፤ ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ከሚመጣው ወሬ ሁሉ የሚደምቀው የዚያ አገር ወሬ ነበር፤ ማን ቤት እንደሠራ፣ ማን ለወንድሙ እንደላከለት። መንገዱ ላይ ስለቀሩት ግን የሚወራው ዝግ ባለ ድምፅ ነው። የሄደው በመጨረሻው ጨዋታችን ሦስት ለሁለት ተሸንፎልኝ፣ ብሩን ነገ እከፍላለሁ ብሎ ነው።

በግንቦት 2000 ዓ.ም. በዚያ አገር በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ እርሱ በአንድ የጥቁሮች መንደር ውስጥ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት ግን ሌባ ገባበት። ይህን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ልጁ ከእኛ ዕድሜ አይበልጥም» አለኝ። «በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጠሁት፤ አልሄደም። ሽጉጡን እንደደገነ ቆመ፤ ቢቆይ የሚጨምርለት መሰለው።» ጥይቱ ትከሻውን በስቶት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቫይስ ሲቲን ከፍቼ አላውቅም። ጨዋታ ሰውን ሌባ ያደርጋል ብዬ አልሰብክም፤ እኛ ስንት ሱቅ ዘርፈን አንዳችንም ሌባ አልሆንንም። የምከሰው በሌላ ነው፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ እንዳልጠይቅ አድርጎኛል።

የዘንድሮ ልጆች በስልካቸው የሚሮጡባቸውን ጨዋታዎችም ሞክሬአለሁ፤ ቴምፕል ረን፣ ሰብዌይ ሰርፈርስ። ጥሩ ጨዋታዎች ናቸው፤ እኔ ግን አልችላቸውም። መድረሻ የላቸውም። ከኋላ የሚያባርርህ አለ፣ ከፊትህ መንገድ አለ፣ እስክትወድቅ ትሮጣለህ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ፣ ጫካ ውስጥ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ተገኘ፤ በታኅሣሥ ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 ሰዎች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ የነበረውን የሩጫ ጨዋታ ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ የመለስኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራውን፣ ዶሮዋ ከሚያሳድዳት ሰው የምታመልጥበትን ኩኩሉን። እርሱም ሩጫ ነው። ግን ስሙ ከቤት ወጥተን የምንደበቅበትንና ተፈልገን የምንገኝበትን ጨዋታ ስለሚያስታውሰኝ ይቅር አልኩት።

ባለፈው ያሆዴ ሰሞን ሆሳዕና ውስጥ አንድ የጨዋታ ቤት ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ቀጭን ሆኗል፣ ጆይስቲኩ ገመድ የለውም፣ ሕጉ ግን ያው ነው። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አምስት ለባዶ አሸነፈኝና «ጋሼ፣ ይከፍላሉ» አለኝ። ከፈልኩ። ማታ ለአብሮ አደጌ ደውዬ ነገርኩት። ብዙ ሳቀ። ከዚያም «የእኔም አንድ ብር አለች አይደል?» አለኝ።

«አለች» አልኩት።

«እንዳትቀበለኝ። መጥቼ ነው የምከፍልህ።»

እጠብቃለሁ። በረኛው እኔ ነኝ።