ከጎን የሚመጣ ንፋስ

ቴፒ ያስተማርኳችሁ ልጆች በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ዕዳ አለብኝ።

ሰሞኑን ከቴፒ ጅማ በመኪና፣ ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድኩ። ቦሌ ልናርፍ ስንል ንፋሱ ይንጠን ጀመር። ከፊታችን መሆን የነበረበት ማኮብኮቢያ በጎኔ መስኮት ይታየኛል። "ይሄ ሰውዬ መንገድ ስቷል!" አልኩ በሆዴ። ወዲያው ሞተሩ ጮኸና ሽቅብ ተመለስን።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ምነው ልጄ፣ አቃተው እንዴ?" አሉኝ።

"ሳያቅተው አልቀረም እማማ" አልኳቸው። የፊዚክስ አስተማሪው እኔ!

ዞረን መጣን። በሁለተኛው መጀመሪያ አንዱ ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላው ነካና አረፍን። ሻንጣዬን ስጠብቅ ነው ያፈርኩት፤ ለካ ስንት ዓመት በጠመኔ የጻፍኩት ቬክተር ነው።

የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ቁጥር 07 እና 25 ነው፤ በኮምፓስ ወደ 70 እና 250 ዲግሪ ማለት ነው። ንፋስ ግን ቁጥር አያነብም። 30 ኖት (በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚነፍስ ንፋስ ከማኮብኮቢያው በ30 ዲግሪ ቢመጣ፣ ከጎን የሚገፋው 15 ኖቱ ነው። በ90 ዲግሪ ከመጣ 30ውም ይገፋል። ስለዚህ ፓይለቱ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ ያዞራል፤ አውሮፕላኑ ጠሞ እየታየ ጉዞው ግን ቀጥ ይላል። ሊነካ ሲል በእግሩ የጅራቱን መሪ ረግጦ አፍንጫውን ያቀናል፣ በንፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ለዚህ ነው አንዱ ጎማ የሚቀድመው። ካልተስተካከለለት ደግሞ ጉልበት ሰጥቶ ይነሳል። "ጎ አራውንድ" ይሉታል። የሚሠለጥኑበት ነገር እንጂ ሽንፈት አይደለም።

እኔ ይህን ትምህርት ወንዝ በሚያቋርጥ ጀልባ ነበር የማስረዳችሁ። ቴፒ ላይ ማን ጀልባ አይቶ! ይቅር በሉኝ።

ትልቁ ዕዳ ግን ሌላ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። አባቱ በቡና ለቀማ ሰሞን ታመሙና ቤቱ በሱ ላይ ወደቀ። "ቲቸር፣ ዘንድሮ አልፈተንም፣ ለከርሞ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ" አለኝ። እኔም በክፍሉ ፊት "ፈሪ" አልኩት። በዓመቱ ተመልሶ ተፈተነ፣ አለፈም። እኔ ግን ቃሌን አላነሳሁም።

ልጄ፣ ስምህን አልጠራም፤ ራስህን ታውቃለህ። ያን ቀን ማረፍ ስላልተመቸህ ዞረህ መጣህ እንጂ አልፈራህም። በክፍል ፊት የተናገርኩትን እነሆ በሁሉም ፊት አነሳሁት። ይቅርታ አድርግልኝ።

ቴፒ ስትመጣ ቡናው እኔ ዘንድ ነው።